የጎዳና ብስክሌት ውድድር፦ የቡድን ሥራና የዕቅድ ለውጥ

የጎዳና ብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከአንድ መስመር በአንድ ጊዜ የሚነሡበት ውድድር ነው። ጋላቢው ብቻውን ከሰዓት ጋር ከሚታገልበት ከክሮኖ የሚለየው በዚህ ነው። የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ የሚረግጠው አንድ ሰው ቢሆንም፣ እዚያ የሚያደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ድካም ነው።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አየሩን ሰንጥቆ ለማለፍ ነው። ከፊቱ ያለውን ጎማ ተጠግቶ የሚከተል ጋላቢ በዚያው ፍጥነት እየሄደ የጉልበቱን ሲሶ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። ስለዚህ ጋላቢዎች እንደ ወንፈል ተራ ይገባሉ። የፊተኛው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነፋሱን ተቀብሎ ወደ ጎን ይወጣል፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ከሰልፉ ጫፍ ይገባል፤ ቀጣዩ ይተካዋል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ሰልፉ በሰያፍ ይዘረጋል፤ የመንገዱ ስፋት ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ፣ ቦታ ያጣ ለነፋሱ ተጋልጦ ወደኋላ ይቀራል።

በቡድን ውስጥ እያንዳንዱ የሥራ ድርሻ አለው። መሪው ለድል የታጨው ጋላቢ ነው። ረዳቶቹ ነፋስ ይከልሉለታል፣ ውሃ ያቀብሉታል፣ ጎማው ከተነፈሰ የራሳቸውን አውልቀው እስከ መስጠት ይደርሳሉ። ይህ ሥራ በውጤት ሰንጠረዥ ላይ እምብዛም አይታይም፤ ሆኖም ክብር ያለው ሙያ ነው። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ የላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ረዳት ጋላቢ ነበር፤ የቡድን ጓደኛው ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜንትጂስ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ወጣ።

ቡድኑ ራሱ የሚሸለምበት ጊዜም አለ። አማተር ጋላቢዎች ብቻ በተወዳደሩበት በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) የሜልቦርን ኦሎምፒክ የቡድን ውጤት የወጣው የሦስት ጋላቢዎች ደረጃ ተደምሮ ነበር። በግል ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። የቡድኑን ወርቅ የወሰደችው ግን 2ኛ፣ 8ኛና 12ኛ የወጡ ጋላቢዎች የነበሯት ፈረንሳይ ናት፤ ድምሯ 22 ሲሆን ብሪታንያ በ23 ተከተለቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው ኢትዮጵያ፣ ገረመው ደንቦባ በነበረበት ቡድኗ 9ኛ ደረጃ አገኘች።

የመንገዱ ጠባይ የሥራ ድርሻዎቹን ዋጋ ይለዋውጣል። ለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው ጎዳና ጥሩ ማሳያ ነው። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በመካከል የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በቦርከና ሸለቆ የሚወስደው መንገድ በአንጻሩ ከሐረጎ የለዘበ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐርቡ ደርሶ በመመለስ ደሴ ላይ የሚያበቃ ውድድር ቢነደፍ፣ የሸለቆው ክፍል የረዳቶች ሜዳ ይሆናል፤ ተራ እየገቡ መሪያቸውን ሳይደክም ሐረጎ ሥር ያደርሱታል። ዳገቱ ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ከሰው ጀርባ መከለል ብዙም አይጠቅምም፤ እዚያ የሚለየው የእግር ጉልበት፣ የሰውነት ቅለትና የሳንባ አቅም ነው። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ከቆላ የመጣ ጋላቢ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ውድድሩ ተገልብጦ ከደሴ ቢጀመር ደግሞ ቁልቁለቱ ይቀድማል፤ ኩርባ አያያዝና ፍሬን አጠቃቀም ወሳኝ ይሆናሉ፤ በጉም ወይም በዝናብ ቀን ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል።

ዕቅድ የሚፈርሰው በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው፦ ጥቂት ጋላቢዎች ከዋናው ስብስብ አምልጠው ሲወጡ፣ መሪው ሲወድቅ ወይም ጎማው ሲተነፍስ፣ መሪው ሲዝል። ለምሳሌ አንድ ቡድን ስብስቡ ሳይበተን ደርሶ ፈጣን ጋላቢው በመጨረሻው ሩጫ እንዲያሸንፍ አቅዶ ሳለ፣ አራት ሰዎች ሸለቆው ላይ ያመልጣሉ እንበል። ከአራቱ አንዱ የቡድኑ አባል ከሆነ፣ ኋላ የቀሩት ጓደኞቹ ማሳደዱን ለሌሎች ይተዋሉ፤ ከአሳዳጆቹ መካከል ገብተውም ተራቸው ሲደርስ አይመሩም። ፊት ያለው ደግሞ “መሪዬ ከኋላ አለ” ብሎ ጉልበቱን መቆጠብ ይችላል። ከአራቱ አንድም የራሳቸው ሰው ከሌለ ግን ወዲያው ማሳደድ አለባቸው፤ በዘገዩ ቁጥር ርቀቱን ለማጥበብ የሚያስፈልገው ጉልበት ይበዛል። የመሪው ጎማ ውድድሩ ገና አጋማሽ ላይ ሳለ ቢተነፍስ ሁለት ረዳቶች ጠብቀውት ወደ ስብስቡ ይመልሱታል። መጨረሻው ሲቃረብ ከሆነ ግን ማንም አይጠብቅም፤ ከቡድኑ ከሁሉ ፊት ያለው አዲስ መሪ ይሆናል።

በአማተር ውድድር ይህን ውሳኔ የሚወስኑት ጋላቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። የጆሮ ሬዲዮ የላቸውም፤ ከኋላ የምትከተል የአሠልጣኝ መኪናም ሁልጊዜ አትኖርም። ልምድ ያለው አንዱ የመንገድ አለቃ ሆኖ ይመረጣል፤ የእጅ ምልክትና አጭር ጥሪ አስቀድሞ ይለመዳል። መሪውም በዛለ ጊዜ “ለእኔ አትሥሩ” ብሎ በጊዜ መናገር አለበት፤ ደብቆ ከቆየ ረዳቶቹ ለማያሸንፍ ሰው ሲደክሙ ያሸንፍ የነበረው ጓደኛቸው ዕድሉን ያጣል። ስለዚህ በሚገባ የተዘጋጀ ቡድን ከመነሻው በፊት የሚስማማው በአንድ ዕቅድ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቅዱ ሲፈርስ ማን ማንን እንደሚተካም ጭምር ነው።