ማይክሮፎንና መቆጣጠሪያ ያለው የጆሮ ማዳመጫ፦ አሠራሩና መመዘኛው

በተለምዶ ኤርፎን የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ሦስት ተግባራትን ያጣምራል፦ ድምፅ ያሰማል፣ በማይክሮፎኑ የተናጋሪውን ቃል ይቀበላል፣ በገመዱ ላይ ባሉት ቁልፎችም ስልኩን ያዛል። ኤፍ ኤም ሬዲዮ በእጅ ስልክ በሚደመጥበት በኢትዮጵያ ደግሞ ገመዱ ራሱ የሬዲዮ አንቴና ስለሆነ አራተኛ ተግባር ይጨመርለታል። ዋጋውም ሆነ በማሸጊያው ላይ የታተመው ስም ስለ ጥራቱ በቂ ምስክር ስለማይሆኑ፣ መሣሪያው በእነዚህ ተግባራት አንድ በአንድ፣ በሚያገለግልበት አየርና ልብስ ውስጥ ሊመዘን ይገባል፤ ነፋስ በሚበዛበትና ሰው በርኖስ ለብሶ በሚሄድበት በራቤልና በመንዝ ደጋ ደግሞ ይህ ምዘና ይበልጥ ያስፈልጋል።

ድምፅ ሰጪው ክፍል በማግኔት አጠገብ የተቀመጠ የሽቦ ጥቅልና ከጥቅሉ ጋር የተያያዘ ስስ ሽፋን ነው፤ ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ሲያልፍ ሽፋኑ ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋ አየሩን ያርገበግባል። ሽፋኑ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ወፍራሙን ድምፅ በሚገባ ሊያሰማ የሚችለው በእሱና በጆሮ ታምቡር መካከል ያለው አየር ታሽጎ ሲቆይ ብቻ ነው። ስለዚህ በጫፉ ላይ የሚጠለቀው ለስላሳ ጎማ ከጆሮው ስፋት ጋር ካልገጠመ፣ ውድ የሆነው ኤርፎን እንኳ ቆዳው እንደላላ ከበሮ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ በመሣሪያው ላይ የሚመካኘው ጉድለትም የጎማውን መጠን በመቀየር ብቻ ይቃናል። በተጨማሪም 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው የጆሮ ቦይ ክፍት በሆነ ጊዜ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በሴከንድ 3,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል፤ ቦዩ በኤርፎን ሲደፈን ይህ ማጉላት ስለሚዛባ፣ ጥሩ ሠሪ የጎደለውን በዚያው አካባቢ መልሶ ይተካል።

በቤተ ሙከራ የኤርፎን ድምፅ የሚለካው የሰውን ጆሮ በሚተካ ሰው ሠራሽ ጆሮ ነው፤ ለገዢ ግን አሳምሮ የሚያውቀው የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ በቂ መለኪያ ይሆነዋል። ለዚህ በገና እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም የአሥሩ አውታሮቹ ድምፅ ወፍራም ከመሆኑም በላይ፣ በአውታሮቹና በድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ያዘለ እዝታ ይፈጥራሉ። ደካማ ኤርፎን ወይ ወፍራሙን መሠረት ይጥላል፣ ወይም እዝታውን እያጋነነ የደርዳሪውን ቃል ይሸፍናል፤ ጥሩው ግን እዝታውንም ቃሉንም ለየብቻ ያሰማል። የመሰንቆ የፈረስ ጭራ አውታርም መካከለኛው ድምፅ ሻካራ ወይም የታፈነ መሆኑን ይገልጣል።

በኤርፎን ገመድ ላይ የሚገኘው ማይክሮፎን ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሬት የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በውስጡ የኤሌክትሪክ ሙላቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ የሚቆይ ንጥረ ነገር ስላለ በጣም አንሶ ሊሠራ ይችላል፤ ይህንን ዓይነት ማይክሮፎን በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ የፈለሰፉት ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር ናቸው። በደጋ ይህ ክፍል ሁለት ባላጋራዎች አሉት፤ አንደኛው በቀዳዳው ላይ እየተሽከረከረ ጉርምርምታ የሚፈጥር ነፋስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገመዱን የሚፈትግ የሱፍ በርኖስ ወይም ጋቢ ነው። በመሆኑም ማይክሮፎኑ በሱቅ ውስጥ ብቻ መፈተሽ የለበትም፤ ከደጅ ወጥቶ፣ ፊትን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ በተለመደው ልብስ ላይ ድምፅ ቀድቶ መስማት ይገባል። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ በመሆኑ፣ እዚህ ላይ የሚፈለገው የድምፁ ግርማ ሳይሆን የቃሉ ጥራት ነው።

የመሰኪያው ዘንግ በሦስት ጥቁር ወይም ነጭ ቀለበቶች የተለዩ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ጆሮ፣ አንዱ ለማይክሮፎን፣ አንዱ ለጋራ መመለሻ መስመር ያገለግላሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚያስቀምጡበት ቅደም ተከተል ሲቲአይኤና ኦኤምቲፒ በሚባሉት ሁለት የመሰኪያ ደንቦች ተቃራኒ ስለሆነ፣ ያልተጣጣመ ኤርፎን ሲሰካ የዘፋኙ ድምፅ ርቆ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ብቻ ይሰማሉ፤ የመሃሉ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ድምፁ ከተስተካከለ ችግሩ ያለመጣጣም እንጂ ብልሽት አይደለም። ቁልፎቹም የሚያዙት በማይክሮፎኑ መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ የኤሌክትሪክ መከላከያ መጠን ስላለው ስልኩ የትኛው እንደተጫነ ይለያል። አይፎን ግን የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎችን የሚለየው በሌላ ዘዴ በመሆኑ፣ ለአንዱ የተሠራው በሌላው ላይ በሙሉ ላይታዘዝ ይችላል።

በ100 ሜጋ ኸርዝ የሚሰራጭ የኤፍ ኤም ሞገድ 3 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነው የኤርፎን ገመድ ተስማሚ አንቴና ይሆናል፤ ስለዚህ በገመድ አልባው ብሉቱዝ ኤርፎን ብቻ የስልኩን ሬዲዮ ለማድመጥ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ አይሳካለትም፣ ከዚያም በላይ ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ ይጠበቅበታል። ገመድ ያለው ኤርፎን በብዛት የሚበጠሰው በመሰኪያው አንገት ላይ ስለሆነ፣ ሲገዛ ይህን ክፍል ቀስ ብሎ እያጠፉ ድምፁ መቆራረጥ አለመቆራረጡን ማረጋገጥ ጠቃሚ ነው።

ከምዘናዎቹ ሁሉ ግን የጎማው ልክ ይቀድማል፤ በደንብ የሚገጥም ጎማ የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ አድማጩ ድምፁን ከፍ ለማድረግ አይገደድምና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ፣ ድምፁ 80 ዴሲቤል ሲሆን በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ወደ 90 ዴሲቤል ሲያሻቅብ ግን የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ብቻ ይወርዳል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ሰሚ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አያድጉም፤ ኤርፎን ቢበላሽ በሌላ ሊተካ ስለሚችል፣ ጥሩ የሚባለው ዕቃ በዝቅተኛ ድምፅ አጥርቶ በማሰማት የማይተካውን ጆሮ የሚጠብቀው ነው።