ከልጄ ጋር ለመጀመሪያው አደን ስንዘጋጅ

ልጄ 15 ዓመት ሲሞላው ለልደቱ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ስልክ ወይም ጫማ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «አባ፣ አደን እንሂድ» አለኝ። በምንኖርበት በኮሎራዶ አንዳንድ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ በየዓመቱ ከአባቶቻቸው ጋር ይሄዳሉ። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ያደግሁ፣ በግ ከማረድ ያለፈ የማላውቅ፣ ጠብመንጃም ነክቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። «እናስብበት» አልኩት። በእኛ ቤት ይህ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ልጄ ያውቃል። ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። በዚያ ሰሞን ከልጄ ጋር የምንነጋገረው «በላህ?»፣ «የቤት ሥራህን ጨረስክ?» ብቻ ነበር። ጠዋት «እሺ፣ ግን አስጎብኚ አንቀጥርም፤ ዕቅዱን ሁለታችን እናወጣለን» አልኩት። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ወር አለፈ። የፊታችን ቅዳሜ እንነሳለን።

የምንሄደው በስተሰሜን ወደምትዋሰነን ወደ ዋዮሚንግ ግዛት ነው። የምናድነው ፕሮንግሆርን ይባላል። ሰዉ ሚዳቋ ነገር አድርጎ ቢቆጥረውም የቅርብ ዘመዱ ቀጭኔ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ስለሚኖር ሰውን ከሩቅ ያያል። ሊቀርበው የሚፈልግ በጉብታ ተከልሎ፣ ሲያስፈልግም በደረቱ እየተሳበ ነው የሚሄደው።

እንደ ልብ ማደን ግን አይቻልም። ከሌላ ግዛት የሚመጣ አዳኝ የአደን አካባቢውን መርጦ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያመለክታል፤ ፈቃዱ በዕጣ ይወጣል። የሴቷ ፈቃድ ክፍያ ከወንዱ በእጅጉ ስለሚያንስ በልጄ ስም ለሴት አመለከትን፤ ወጣለት። በዋዮሚንግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1966 ወዲህ የተወለደ አዳኝ የአደን ደህንነት ትምህርት መውሰድ አለበት። እኔ አብሬው የምሄድ ረዳት ብሆንም ከልጄ ጎን ተቀምጬ ተማርኩ።

ትልቁ ሥራ ቦታ መምረጥ ነበር። በዚያ አገር የመንግሥት የሆነ ሰፊ መሬት አለ፤ ፈቃድ የያዘ ሰው ማንንም ባለርስት ሳይለምን ያድንበታል። ሁለት ሳምንት ካርታ ላይ አፍጥጬ በራውሊንስ ከተማ አቅራቢያ አንድ ቦታ መረጥኩና ለልጄ በኩራት አሳየሁት። እሱ ካርታውን አጉልቶ አየና «አባ፣ እዚህ በምን እንገባለን? በሄሊኮፕተር?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 የአሜሪካ ምክር ቤት ለባቡር ኩባንያዎች በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት አንድ ካሬ ማይል እያሰለሰ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ እዚያ አካባቢ መሬቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ የመንግሥት፣ ቀጥሎ ያለው የግል። እኔ የመረጥኩት ዙሪያውን በግል መሬት የተከበበ፣ የሕዝብ መንገድ የማይደርስበት ነበር። በሰው መሬት ያለ ፈቃድ ገብቶ ማደን ወንጀል ነው። ለልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ «ተሳስቻለሁ፣ አንተ ነህ ትክክል» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታው የእሱ ሥራ ሆነ። የሕዝብ መንገድ የሚገባባቸው ሦስት ቦታዎች ለየ፤ አንዱ ሰው ቢበዛበት ወደ ሌላው እንሄዳለን። ስልክ በማይሠራበትም እንዲያገለግለን በወረቀት አተመው።

የባለቤቴ ጭንቀት ጠብመንጃው ነበር። ቤታችን ውስጥ ታናሽ እህቱ አለች። ጠብመንጃው በብረት ሳጥን ተቆልፎ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆልፎ፣ ቁልፎቹ እኔ ዘንድ እንዲሆኑ ተስማማን። የኮሎራዶ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ልጆች ሊደርሱበት የሚችል መሣሪያ እንዲቆለፍ ያዛል። ክረምቱን ተኩስ መለማመጃ ቦታ ተመላለስን። ከ150 ሜትር ተቀምጦ ሲተኩስ አይስትም፤ ከዚያ ሲያልፍ ይስታል። አንድ ማታ ወረቀት አምጥቶ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ከ150 ሜትር በላይ አልተኩስም። የሚሮጥ እንስሳ ላይ አልተኩስም። ከኋላው ምን እንዳለ ካላየሁ አልተኩስም። ከመንገድ ላይ አልተኩስም። አባ ‹ተው› ካለ እተዋለሁ።»

ሁለታችንም ፈርመንበት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው። ሳነበው ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «አሁን ይሂድ» አለች።

ስለ ሥጋው ደግሞ ከእናቴ ጋር ተከራከርን። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። «ኮቴዋ ስንጥቅ ነው? ታመሰኳለች?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልናት። «እንግዲያው ነፍሷ ሳትወጣ ደርሳችሁ ባርካችሁ እረዱ» አለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ልጄ ሙሉ ክረምት የተለማመደው እንስሳዋ ሳትሠቃይ በአንድ ጥይት እንድትሞት ነው። እናቴን ላታልላት አልፈለግሁም። «እማዬ፣ ቃል ልገባልሽ አልችልም» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያው በሌላ ድስት ሥሩት፤ እኔ አልበላም፣ እናንተን ግን አልከለክልም» አለች።

እኔ የማውቀው ነገርም አልጠፋም። ለፋሲካ ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ በግ ገዝተን ቆዳ መግፈፍና ብልት ማውጣት አስተማርኩት። ሥጋ ከሞቀ ይበላሻል፤ ስለዚህ ወዲያው ሆድ ዕቃዋን አውጥተን፣ ገፈን፣ በንጹሕ ጨርቅ ከረጢት በረዶ ሳጥን ውስጥ እንከታለን። የሚበላውን ሥጋ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድም በሕግ ያስቀጣል።

ዕቃችን ተሰናድቷል፦ ሁለት ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ሞረድና ቢላዋ፣ ብዙ ውኃ፣ ብርድ ልብስ፣ ትርፍ ጎማ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው መኪና ስለሚይዝ ከዋናው መንገድ አንርቅም። የት እንደምንውልና መቼ እንደምንመለስ ለባለቤቴ ጽፈን ሰጥተናል።

ትናንት ማታ እናቴ ልጄን ጠርታ ግንባሩን ሳመችው። «ይቅናህ የኔ ጌታ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ባይቀናችሁ ግን በመንገድ አንድ በግ ግዙ እንጂ ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ» አለች።