ጉልበቱ ለተቀየረለት ሰው ላንጋኖ መቼ ይጠቅማል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ላንጋኖ፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ብልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ በመባል ስለሚታወቅ ዋናተኛ አያጣም። ጉልበቱ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ለተቀየረለት ሰውም ውለታ ሊውል ይችላል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ እስከ ደረቱ ሲገባ ወደ ሲሶ ይወርዳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያኔ እግሩ ላይ የሚያርፈው 25 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ግን ጊዜ አለው። ቁስሉ በደንብ ሳይገጥም ሐይቅ መግባት ለጀርም በር መክፈት ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ የሰፈረ ጀርም ደግሞ ዳግም ኦፕራሲዮን ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ሥራው ቤት ውስጥ ነው። ሶደሬም ይቆይ፤ ያበጠ ጉልበት ፍል ውሃ ሲያገኝ ይብስበታል። መጀመሪያ ላይ የሚስማማው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ነው።

ጉልበት ሲያብጥ ከመገጣጠሚያው የሚነሳው የነርቭ መልእክት የፊተኛውን የጭን ጡንቻ ያፍነዋል። ታካሚው እግሩን ሊያነሳ ይታገላል፣ ጡንቻው አይታዘዝም። በመጀመሪያው ወር የጡንቻው ጥንካሬ በግማሽና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል። ሐኪሞች በዕለቱ ወይም በማግስቱ ታካሚውን የሚያስነሱት ለዚህ ነው። ቤት ሲገባ ግን ልጆች «አይዞሽ እማዬ፣ አትነሺ፣ እኛ አለንልሽ» ይላሉ፤ ከጉልበቷም ሥር ትራስ ያደርጋሉ። ፍቅር ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ትራሱ ለጊዜው ያሳርፋታል፣ ጉልበቷ ግን ታጥፎ መቅረትን ይለምዳል፤ በደንብ የማይዘረጋ ጉልበት ያነክሳል። ትራሱ ከቁርጭምጭሚቷ ሥር ይግባ። ከዚያ የጉልበቷን ጀርባ ወደ ፍራሹ ትጫን፣ እስከ 5 ትቁጠር፣ ትልቀቅ። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስም ደም እንዳይረጋ ይረዳል።

ከወንበር ለመነሳት ጉልበት 90 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። ዱካ ላይ መቀመጥና ተንበርክኮ መስገድ ከዚያ የበለጠ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ታካሚም እዚያ አይደርስም። ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ባትዎ ካበጠና ካመመዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ቁስሉ ከመገለ ወይም ትኩሳት ከያዘዎ፣ በወጌሻ አያሳሹት፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።