በላስታ ከፍታ ላይ ቺፕ ለመቀየር የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

በላስታ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ደጋ የሚኖር ሰው ስልኩ ውኃ ገብቶበት ቻርጅ አልቀበል ሲለው ይዞት የሚሄደው ላሊበላ ከተማ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ቦርዱን ከፍቶ «አይሲው (ቺፑ) ሄዷል» ካለና መቀየር ካልቻለ ስልኩ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ አለዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በስልኩ የሚገበያይ ነጋዴም ሆነ ቱሪስት የሚደውልለት አስጎብኚ ስልኩ ሲዘጋ ገቢውም አብሮ ይዘጋል። በየወረዳ ከተማው ያሉ ወጣት ጠጋኞች ቺፕ መቀየር መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም። መቻላቸው ደግሞ የእጃቸውን ያህል በሚገዙት መሣሪያ ይወሰናል።

የድሮ ሬዲዮ ዕቃዎች እግራቸው በቦርዱ ቀዳዳ አልፎ ከጀርባ ይበየድ ስለነበር ካውያ ያለው ሁሉ ይነቅላቸው ነበር። የዛሬ ስልክ ቺፕ ግን የሚበየደው በቦርዱ ገጽ ላይ ነው። ብዙዎቹ ጭራሽ እግር የላቸውም፤ ከሆዳቸው ሥር በተደረደሩ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር በማይሞሉ የሊድ፣ ማለትም የመበየጃ ቅይጥ፣ ኳሶች ተይዘው ይቀመጣሉ። ካውያ እዚያ አይደርስም። ኳሶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ መቅለጥ አለባቸው፤ አንዷ ሳትቀልጥ ቺፑን የሳበ ሰው የመዳብ መቀመጫዋን ከቦርዱ ላይ ገንጥሎ ያነሳታል።

የሙቀቱ ክልል ጠባብ ነው። የቆየው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ፣ ማለትም 63 በመቶው ቆርቆሮ የሆነው፣ 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ከገደበ በኋላ ፋብሪካዎች በብዛት የተሻገሩበት ቅይጥ ግን የሚቀልጠው ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ላይ ነው። ቺፑ በበኩሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ260 ዲግሪ በላይ አይችልም። ጠጋኙ የሚፈናፈነው በእነዚህ 40 ዲግሪዎች መካከል ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ትኩስ አየር የሚነፋውን ሆት ኤር ነው። ርካሾቹ፣ 858ዲ የሚባለውን ዓይነት፣ ማራገቢያቸው እጀታው ውስጥ ያለ 700 ዋት አካባቢ የሆኑ ናቸው። ከፍ ያሉት፣ እንደ ኩዊክ 861ዲደብሊው፣ ተርባይናቸው ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ 1,000 ዋት ያወጣሉ። ሻጩ የሚያሳየው እስከ 450 ወይም እስከ 500 ዲግሪ የሚለውን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ግን ጫፉ አጠገብ ያለው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከቺፑ ሥር ያለው የሊድ ሙቀት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቦርዱ መዳብ በበዛ ቁጥር ይሰፋል፤ መዳቡ ሙቀቱን እየጠጣ ወደ ዳር ይወስደዋልና።

ላስታ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢነፍስም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በቪዲዮ «350 አድርጉት» የሚል ባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ጠጋኝ በአንድ ደቂቃ የሚያነሳው ቺፕ እዚህ አልነሳ ይላል። ያኔ አብዛኛው ሰው ዲግሪውን ይጨምራል፤ የቻርጀር መሰኪያው ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ቦርዱ ያብጣል፣ የቺፑ ሆድ ግን አሁንም አልሞቀም። መጨመር ያለበት ንፋሱና ጊዜው ነው። ንፋሱም ወሰን አለው፤ ከበዛ በዙሪያው ያሉትን ጥቃቅን ካፓሲተሮች ጠርጎ ይወስዳቸዋል።

መፍትሔው ከታች ማሞቅ ነው። ምጣድ ሳይግል ሊጥ እንደማይፈስበት ሁሉ ቦርድም ከታች ሳይሞቅ ከላይ ሊነፋበት አይገባም። ፕሪሂተር የሚባለው ጠፍጣፋ ማሞቂያ ቦርዱን ቀስ አድርጎ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ እየጨመረ፣ ወደ 150 ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሆት ኤሩ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ርካሹም ይበቃል። ክረምት ላይ እርጥበት የጠጣ ቺፕ በድንገት ሲግል ውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ይሰነጥቀዋል፤ ቀስ ብሎ ማሞቅ ይህንንም አደጋ ይቀንሳል።

በደንብ የሞቀ ቦርድ ላይ የሚሆነውን ማየት ደስ ይላል። ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚያግዘው ፍለክስ ተቀብቶ፣ አጎራባቾቹ ሙቀት በሚችል ቴፕ ተሸፍነው፣ የሆት ኤሩ አፍ ቺፑ ላይ በዝግታ ይዞራል። ፍለክሱ ይጨሳል፣ ይረጋል፣ ከዚያ በቺፑ ጠርዝ ዙሪያ ያብረቀርቃል። ጠጋኙ በወረንጦ ጫፍ ጠርዙን በትንሹ ይገፋዋል። ሊዱ በሙሉ ከቀለጠ ቺፑ ይንሸራተትና በራሱ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ የቀለጠው ብረት ገጽ ውጥረት ነው የሚጎትተው። ካልተመለሰ ገና ነው፤ አይነሳም። ከዚህ ምልክት በላይ የሚታመን ቁጥር በየትኛውም ስክሪን ላይ የለም።

በጨረር የሚያሞቁት የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች ለላፕቶፕ ትልልቅ ቺፖች ጥሩ ናቸው፤ አየር ስለማይነፉ ዕቃ አይበትኑም፣ የአየሩ መሳሳትም እምብዛም አይነካቸውም። ነገር ግን ጥቁሩ ቺፕ ሙቀቱን ሲጠጣ የሚያብረቀርቀው ይመልሰዋል፤ አንድ ቦርድ ላይ ያለው ሁሉ እኩል አይሞቅም። ለስልክ ብቻ ለሚሠራ ሱቅ ዋጋው አያዋጣም።

የመብራቱን ጉዳይ ማንም የላስታ ሰው አይረሳውም። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ከተማዋ ለረዥም ወራት በጨለማ ቆይታለች። በደህናውም ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ አብሮት የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የመሣሪያውን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥላል፤ ስታቢላይዘር የግድ ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ሆት ኤርን አነስተኛ የሶላር ኢንቨርተር አይሸከመውም። መብራት በሌለበት ገጠር የሚሠራ ሰው ከፓወር ባንክ የሚሠራ የ65 ዋት ካውያና ቢስመዝ ያለበት፣ ከ60 ዲግሪ በታች የሚቀልጥ ቅይጥ ቢይዝ እግር ያላቸውን ቺፖች ያለ ሆት ኤር ያነሳል፤ ቅይጡ ከነባሩ ሊድ ጋር ተደባልቆ ለብዙ ሰከንድ ሳይረጋ ይቆያልና። አዲሱን ከመበየዱ በፊት ግን ትርፍራፊውን አጥርቶ መጥረግ አለበት፤ አለዚያ ብየዳው ደካማ ይሆናል።

ጤናም አለ። እርሳስ ያለበትን ሊድ በጣቱ ሲይዝ የዋለ ሰው በዚያው ጣት እንጀራ ይቆርሳል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መስኮት ከፍቶ መሥራትና ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ትንሽ ማራገቢያ ማቆም ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ይቀድማል።

ሱቅ ለመክፈት ለሚያስብ የላስታ ወጣት ምክሬ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ለውድ ሆት ኤር የሚበቃ ቢሆንም መጀመሪያ ስታቢላይዘርና ፕሪሂተር ይግዛ፤ በቀረው ብር ርካሹን ሆት ኤር ይጨምር። የደንበኛ ስልክ ከመንካቱ በፊትም በሞቱ ቦርዶች ላይ ቺፑ ተንሸራትቶ ሲመለስ ደጋግሞ ይይ።