ስለ ትልቅ ጥቁርና ነጭ የግድግዳ ሥዕል

በዚህ ሳምንት የምንነጋገርበት ጉዳይ በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ነገሩ ከኑሮ ውጣ ውረድ ጋር ሲመዛዘን ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከሥራው ደክሞ የተመለሰ ሰው በየማታው ዓይኑን የሚያሳርፈው በቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ልጆችም ያላዩዋቸውን አያቶቻቸውን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚሰቀል፣ የትና እንዴት እንደሚሰቀል፣ ይልቁንም ምን መሰቀል እንደሌለበት ማወቅ ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ሲባል ሁለት ቀለም ብቻ ያለው ሥዕል ማለት አለመሆኑን እናስታውስ። በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ግራጫ ብዙ ደረጃ አለው፤ የሥዕሉም ሕይወት በዚያ ውስጥ ነው። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ከባልደረባው ከፍሬድ አርቸር ጋር ባወጣው የአሠራር ዘዴ፣ ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለውን በ11 ደረጃ ከፍሎታል። እኛም ሥዕል ለመግዛት ወይም ለማሳተም ስንነሣ በዚሁ ሐሳብ ልንመዝነው እንችላለን። በጥላው ውስጥ ያለው ነገር በጥቁረት ብዛት ጠፍቶ እንደሆነ፣ ሰማዩ ወይም ነጠላው ደግሞ ባዶ ወረቀት መስሎ እንደሆነ፣ ያ ሥዕል በትንሽ መጠን ቢያምርም በትልቁ ሲታተም ጉድለቱ አብሮ ይገዝፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥዕሉ ርእስ ነው። ለጥቁርና ነጭ የማይስማማ ርእስ አለ። ለምሳሌ የቀላ ቡና ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል መካከል ሲታይ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ በጥቁርና ነጭ ሲነሣ ግን ቀዩና አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ግራጫ ስለሚሆኑ ፍሬው ከቅጠሉ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። የአደይ አበባ መስክም ቢጫነቱን ሲያጣ ከውበቱ ብዙው ይቀራል። በአንጻሩ ግን ውበታቸው በቅርጽ፣ በብርሃንና በጥላ ላይ የተመሠረተ ነገሮች በጥቁርና ነጭ ይበልጥ ይጐላሉ። በላሊበላ ካሉት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ጥላቸውን ሲጥሉ፣ የሰሜን ተራሮች ገደል ከጉም በላይ ብቅ ሲል፣ የሸማ እጥፋት በትከሻ ላይ ሲወርድ፣ ዕድሜ የጠገበ ፊትና ሥራ ያደነደነው እጅ፣ እነዚህ ሁሉ ቀለም ባይኖራቸው የሚጐድልባቸው ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ብዙ ሰው ባዶ ግድግዳ ሲያይ ትንንሽ ሥዕሎችን ይደረድርበታል፤ ዓይንም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ማረፊያ ያጣል። በአንድ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ቢኖር ግን ክፍሉ ይረጋጋል። የዚህን ኀይል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተገንዝበውታል። በ1941 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዋሽንግተን ላለው ሕንጻው ግድግዳዎች የሚሆኑ ግዙፍ ፎቶግራፎች እንዲያዘጋጅ ለዚሁ ለአንሰል አዳምስ ሥራ ሰጠው። እርሱም የአገሪቱን ተራራዎችና ሸለቆዎች በጥቁርና ነጭ አንሥቶ ሳለ፣ በዓለም ጦርነት ምክንያት ሥራው በ1942 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። ፎቶግራፎቹ በታሰበላቸው ሕንጻ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሠርተው የተሰቀሉት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ከ60 ዓመት በላይ ቆይተው እንኳ ለተሰቀሉበት ስፍራ አላረጁም።

ለመኖሪያ ቤት የሚስማማው ልክ እንዴት ይታወቃል? ከሶፋ ወይም ከቡፌ በላይ የሚሰቀል ሥዕል ወርዱ ከሥሩ ካለው ዕቃ ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ሶፋው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሥዕሉ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አሮጌ ጋዜጦችን በዚያው ልክ አያይዛችሁ በግድግዳው ላይ ለጥፏቸውና ሁለት ቀን እዩት፤ ይህችም ጋዜጣ ከተነበበች በኋላ ለዚህ አገልግሎት ብትውል ቅር አንሰኝም። ክፍሉ ጠባብ ነው ብሎ ትልቅ ሥዕል መፍራት አያስፈልግም፤ ርቆ የሚሄድ መንገድ ወይም ሰፊ ሸለቆ የሚታይበት ሥዕል ጠባቡን ክፍል ያሰፋዋል። ብርሃን በማይገባበት ክፍል ግን ጥቁሩ የበዛበት ሥዕል ክፍሉን የባሰ ስለሚያጨልመው ነጩ የሚያመዝንበትን መምረጥ ይሻላል።

አራተኛው ስፍራው ነው። በየቤቱ የሚታየው ተራ ስሕተት ሥዕልን ወደ ጣሪያው አስጠግቶ መስቀል ነው። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ያህል ከፍ ቢል ለቆመ ሰው ዓይን ይስማማል፤ በሶፋ ላይ ከሆነ ደግሞ በመደገፊያውና በክፈፉ መካከል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መተው ይበቃል። ከመስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ባለመስተዋት ሥዕል ቀን ቀን የሚያሳየው መስኮቱን እንጂ ሥዕሉን አይደለም፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ይሁን። የፀሐይ ጮራ በቀጥታ የሚያርፍበትን ስፍራም አስወግዱ። በዛሬ ጊዜ የሚታተመው ጥቁርና ነጭ ብዙውን ጊዜ በልዩ ልዩ ቀለሞች ቅልቅል የሚሠራ ስለሆነ፣ አንዱ ቀለም ቀድሞ ሲለቅ ግራጫው ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ለማተሚያ ቤቱም በውሃ የሚሟሟውን ቀለም ሳይሆን ከደቃቅ ዱቄት የተሠራውንና ብርሃን የሚችለውን እንዲጠቀም አሳስቡ።

አምስተኛው አሰቃቀሉ ነው፤ ይህም የደኅንነት ጉዳይ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት በአንድ ካሬ ሜትር 7 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ስለዚህ 90 በ120 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሥዕል መስተዋቱ ብቻ 8 ኪሎ ይሆናል፤ የክፈፉ እንጨት ገና አልተቈጠረም። በብሎኬት በተሠራ ቤት ልስኑ ላይ ብቻ የተመታ ምስማር ይህን ክብደት ለዘለቄታው አይሸከምም፤ በድሪል በስቶ ፊሸር ከነብሎኑ ማግባት ያስፈልጋል። በጭቃ ቤት ደግሞ ግድግዳውን በጣት እየመቱ ቋሚውን እንጨት ፈልጎ ማግኘትና ምስማሩን በዚያ ላይ መምታት ይገባል። ከኤሌክትሪክ ማብሪያና መሰኪያ በላይም ሆነ በታች በቀጥታ አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ መሥመር ሊያልፍ ይችላል። ትልቅ ሥዕል በሁለት መስቀያ ላይ ይዋል፤ ቀጥ ማለቱም በውሃ ልክ ይታይ። ከሕፃን አልጋ በላይ ግን መስተዋት ያለው ሥዕል በምንም ምክንያት አይሰቀል። ግድግዳው እርጥበት ካለው ከክፈፉ ጀርባ በታችኞቹ ማዕዘኖች ላይ የቡሽ ቁራጭ ብትለጥፉ አየር ስለሚዘዋወር ወረቀቱ አይሻግትም።

እስካሁን የተናገርነው በማናቸውም ሥዕል ላይ የሚሠራ ነው። አሁን ግን በየቤታችን ስላለውና ሊተካ ስለማይችለው ሥዕል እንናገር፤ ይኸውም ወላጆችና አያቶች የተዉልን አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከጦሩ ጋር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች አገራችንን በጥቁርና ነጭ አንሥተዋል። ከዚያም በኋላ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ልጆቹም በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን በዚሁ ሙያ አገልግለዋል። እንዲህ በቤተ መንግሥት የተጀመረው ጥበብ ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ፎቶ ቤቶች ወረደ፤ ለሠርግ፣ ለምረቃና ለመታወቂያ የተነሡት ፎቶግራፎችም ዛሬ በየሻንጣውና በየመሳቢያው ይገኛሉ። ቤተሰብ ከአሮጌው ሰፈር ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር አልጋና ቁም ሣጥን ተቈጥሮ ይጫናል፤ የፎቶግራፉ ፖስታ ግን ብዙ ጊዜ የሚቈጥረው የለም።

ለቤታችሁ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ሥዕል የምትሹ እንደሆነ እንግዲህ ከገበያው በፊት ይህን ሻንጣ ክፈቱ። ሆኖም ያገኛችሁትን ዋናውን ፎቶግራፍ ራሱን አትስቀሉ። በቀድሞው አሠራር ጥቁሩን የሚሰጠው ደቃቅ የብር ብናኝ ነው፤ ይህም በእርጥበትና በመጥፎ አየር እየተበላሸ ይደበዝዛል፤ ወረቀቱም ይቢጫል። የሚሰቀለው ቅጂው ነው፤ ዋናው በንጹሕ ፖስታ ሆኖ በደረቅና ጨለማ ስፍራ ይቀመጥ።

ቅጂውም በጥንቃቄ ይሠራ። 9 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ ወደ 90 በ120 ሲያድግ ርዝመቱ ዐሥር እጥፍ፣ ስፋቱ ግን መቶ እጥፍ ይሆናል። በስካነር ሲነሣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብቻ ቢያዝ፣ በትልቁ ሥዕል ላይ በአንድ ኢንች የሚደርሰው 30 ነጥብ ነው፤ መልኩም ይደበዝዛል። በ1200 ነጥብ ቢነሣ ግን 120 ይደርሰዋል፤ ይህም ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚያይ ዓይን ይበቃል። ነጋቲቩ ካለ ከእርሱ ማንሣት ይበልጣል። በስልክ ተነሥቶ በመልእክት የተላከ ፎቶግራፍ ግን በመንገድ ላይ መጠኑ ስለሚቀነስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት የፊቱን አካባቢ ብቻ በታሰበው ትልቅ መጠን በአንድ ወረቀት አሳትማችሁ ብታዩት ከከንቱ ወጪ ትድናላችሁ።

እዚህ ላይ በዘመናችን የመጣ አንድ ፈተና አለ። አሮጌ ፎቶግራፍን በኮምፒዩተር የሚያድስ፣ ቀለምም የሚቀባ መሣሪያ በየስልኩ ገብቷል። ጭረትንና ነጠብጣብን ማስወገድ ነውር የለበትም። ነገር ግን መሣሪያው የደበዘዘውን ዓይን ወይም የጠፋውን አፍ ሲሞላ፣ የሚሞላው ከብዙ ሺህ ሌሎች ፊቶች በተማረው ግምት እንጂ አያታችሁን አይቷቸው አይደለም። የካባውንም ቀለም እንዲሁ ይገምታል። ውጤቱ ጥርት ያለና የሚያምር ፊት ይሆናል፤ የእርሳቸው ፊት መሆኑን ግን የሚመሰክርለት የለም። ልጆች ደግሞ የተሰቀለውን አምነው ያድጋሉ። ደብዛዛ ሆኖ እውነተኛ የሆነው ጥርት ብሎ ልብ ወለድ ከሆነው ይሻላል።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር ስም ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ የትና በምን ምክንያት እንደተነሡ የሚያውቁ አረጋውያን በቤተሰባችሁ ዛሬ ካሉ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ጠይቋቸው። ያሏችሁንም በፖስታው ላይ ጻፉት፤ በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ መልኩን ያበላሻልና። የቅጂውንም ፋይል ለወንድምና ለእኅት ሁሉ አካፍሉ። በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያት ቅር የተሰኙ ወንድማማቾች ጥቂት አይደሉም፤ ሁሉም እኩል ትልቅ ቅጂ በቤቱ ሊሰቅል በሚችልበት ጊዜ ይህ ቅሬታ ሊኖር አይገባም። ከዚህም ሌላ አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም በጎርፍ ቢጠቃ መልኩ በሌላው ቤት ይተርፋል።

ግድግዳ ላይ ያለ ትልቅ ሥዕል እንግዳ ሲመጣ «እኚህ ማን ናቸው?» ተብሎ የሚጠየቅበት ነው። ለጥያቄው ከቤቱ ልጆች ታናሹ እንኳ ስም ጠርቶ ሊመልስ ከቻለ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል። እናንተም በሚመጣው እሑድ የአሮጌውን ሻንጣ መክፈቻ እንድትፈልጉ በማሳሰብ የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።