ከሕፃናት ጋር የተማረው ደራሲ

ስለ ሌላ ሰው ልጽፍ ተነሥቼ ከራሴ መጀመሬን ይቅር በሉልኝ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በ12 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ በባላገር ከብት ስጠብቅ ኖሬ፤ ከተማ ስመጣ አንደኛ ክፍል አስገቡኝ። በአንድ ዴስክ አብረውኝ የተቀመጡት የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ ወደ ጎን ዞሬ እጽፍ ነበር። ልጆቹም «ጋሼ» ይሉኝ ነበር፤ ነገር ግን አክብረውኝ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን ከቤተ መጻሕፍታችን አንድ መጽሐፍ አወጡና «ይህን አንብብ፤ ዘመድህ ነው» ብለው ሰጡኝ። ገልጬ ባየው የዴንማርካዊው የልጆች ተረት ደራሲ የሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን የሕይወት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አንደርሰን በ1805 ዓ.ም. ኦደንሴ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ፤ እናቱም የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። በዚያ አገር ብርድ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ልብስ ማጠብ እንዴት ያለ ጭንቅ እንደ ሆነ አስቡት። ድሆች ቢሆኑም አባትየው መጽሐፍ ወዳድ ስለ ነበረ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ተረት ያነብለት፤ የአሻንጉሊት ቲያትርም ይሠራለት ነበር። አያቱ ደግሞ በድሆች ሆስፒታል አትክልት ትንከባከብ ስለ ነበር፤ ልጁ እዚያ እየሄደ ፈትል ከሚፈትሉት አሮጊቶች ተረት ይሰማ ነበር። አባቱ በ1816 ሞተ፤ ልጁ ያን ጊዜ 11 ዓመቱ ነበር።

በ1819፤ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፤ ያጠራቀማትን 13 ሪክስዳለር ይዞ ተዋናይ እሆናለሁ በማለት ብቻውን ወደ ዋናው ከተማ ወደ ኮፐንሐገን ሄደ። በቲያትር ቤቱ መዘመርም መጨፈርም ሞከረ፤ ድምፁ ግን ጎረነነ። ሦስት ዓመት ያህል በሰዎች ቸርነት ኖረ። ተውኔት ጽፎ ለቲያትር ቤቱ ሹማምንት ቢያቀርብ በቅጡ ያልተማረ ሰው ጽሑፍ መሆኑን ወዲያው አዩ። ከመካከላቸው ዮናስ ኮሊን የሚባለው ግን አዘነለት፤ ከንጉሡ ከፍሬዴሪክ 6ኛ የገንዘብ እርዳታ አስፈቅዶም ስላግልሴ በምትባል ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤት ላከው። ይህ የሆነው በ1822 ነው። የ17 ዓመቱ ጎረምሳ ከ11ና ከ12 ዓመት ልጆች ጋር ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ቆየሁ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሲሞን ማይስሊንግ የግሪክና የላቲን ሊቅ ነበር፤ ነገር ግን አንደርሰንን በልጆቹ ፊት ያላግጥበት፤ ግጥም እንዳይጽፍም ይከለክለው ነበር። በ1826 ማይስሊንግ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አንደርሰንም ተከትሎት ሄዶ በቤቱ ተቀመጠ። እዚያም ስለሚሞት ሕፃን አንድ ግጥም ቢጽፍ ስድብ ብቻ አተረፈ። በመጨረሻ አንድ ሌላ መምህር ነገሩን ለኮሊን ነገረው፤ ኮሊንም በ1827 አስወጣው። አንደርሰን በ1828 የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ፈተና አለፈ፤ ሆኖም ከሸመገለ በኋላ እንኳ ማይስሊንግን በሕልሙ እያየ ይባንን ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ያ መከራ ባይኖር ደራሲ ባልሆነ ነበር» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማይስሊንግ ሕልሙን አበላሸበት እንጂ ተረት አላስተማረውም፤ ተረቱን ያስተማሩት ፈትል የሚፈትሉት አሮጊቶች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ተረቶቹ የታተሙት በ1835 ነው። ርካሽና ቀጭን መጽሐፍ ነበረች፤ በውስጧም አራት ተረቶች ብቻ ነበሩ፤ ከነዚህም ሦስቱ በልጅነቱ የሰማቸው ናቸው። እናቱ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታ ስለ ነበር ይህን አላየችም። አዲሱ ነገር የአጻጻፉ ስልት ነበር። በዚያን ዘመን መጽሐፍ የሚጻፈው በመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ አንደርሰን ግን አፉ እንደሚናገር አድርጎ ጻፈ። የኮሊን ልጅ ኤድቫርድ እንደ መሰከረው፤ አንደርሰን ለልጆች ሲያወራ «ልጆቹ ሠረገላ ላይ ወጥተው ሄዱ» ብሎ አይተወውም፤ አባትና እናትን ራሱ ይሰናበታል፤ ጅራፉንም ራሱ ያጮኻል። ሐያስያን አልወደዱለትም። እንዲህ ያለው የአፍ ወሬ ለመጽሐፍ አይገባም፤ ምክርም የለበትም አሉ።

ስለዚህ ነገር የራሴን ላውጋ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለድርሰት ትምህርት የአያቴን የጅብና የአህያ ተረት በከባድ ቃላት አስጊጬ ጻፍሁና ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። ለበዓል አገር ቤት ስሄድ ለአያቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «ደግ ነው ልጄ፤ ይኼ የማን ተረት ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

አንደርሰን ሐያስያኑን አልሰማም። በ1837 የንጉሡን አዲስ ልብስና የባሕሯን ልጃገረድ፤ በ1843 አስቀያሚዋን የዳክዬ ጫጩት አወጣ፤ በጠቅላላው ከ150 በላይ ተረቶች ጻፈ። በመላው አውሮፓም ታወቀ። አመለኛም ነበር፤ እሳት ስለሚፈራ መንገድ ሲሄድ ከመስኮት የሚወርድበት ገመድ ይዞ ይዞር ነበር። በ1857 እንግሊዝ አገር ከደራሲው ከቻርልስ ዲክንስ ቤት እንግድነት ገብቶ አምስት ሳምንት ስለ ቆየ ቤተ ሰቡን አሰልችቷል።

በ1867 የጫማ ሰፊው ልጅ የኦደንሴ የክብር ዜጋ ሆነ፤ ከተማዋም ለክብሩ በመብራት አሸበረቀች። የሚያሳዝነው ግን ያን ምሽት ጥርሱን ክፉኛ አሞት ነበር። በ1875 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሐውልቱን ንድፍ አሳዩት፤ ልጆች በዙሪያው ተጠግተውት ሲያይ ተቈጣ፤ ሰው እላዬ ላይ ተደግፎ አንብቤ አላውቅም አለ። በ1880 በኮፐንሐገን የንጉሥ አትክልት ቦታ የቆመው ሐውልት መጽሐፉን ይዞ ብቻውን ተቀምጦ የሚያሳየው ነው፤ አጠገቡ ልጅ የለም። ይህን ሳነብ ሣቅሁ፤ ምናልባት በስላግልሴ የተቀመጠው በቅቶት ይሆናል።

መጽሐፉን መልሻለሁ፤ ማንበብ የሚሻ ከቤተ መጻሕፍታችን ሊዋስ ይችላል። የአያቴንም ተረት እሳቸው እንደሚነግሩት አድርጌ እንደገና መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ገና ጅቡ ከጉድጓዱ አልወጣም።