የእንጦጦ ጅረቶች ነፍሳት ስለ ውኃችን ምን ይነግሩናል?

ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ጉለሌ የሚወርዱት ጅረቶች በበጋ በአንድ እርምጃ የሚሻገሯቸው ትናንሽ ውኆች ናቸው። የቀጨኔና የቀበና ወንዞች ግን የሚጀምሩት ከእነዚሁ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባን አቋርጠው ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላሉ፤ አቃቂም የአባ ሳሙኤልን ግድብ አልፎ አዋሽ ይገባል። የውኃን ጤንነት አብዛኞቻችን የምንለካው በቀለሙና በጠረኑ ነው። ከጠጠሩ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ግን ከዚህ የበለጠ ይነግሩናል።

በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ይናገራል። ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት አልፎ ሊሄድ ይችላልና። ብዙዎቹ የጅረት ነፍሳት ግን ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ድረስ እጭ ሆነው ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ውኃ ውስጥ ይኖራሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውኃው አንድ ጊዜ እንኳ ክፉኛ ከተበከለ ከመካከላቸው ለብክለት ስስ የሆኑት ይሞታሉ። ስለዚህ እነዚህ ስስ ነፍሳት በሕይወት መገኘታቸው ያለፉትን ሳምንታት ታሪክ ይመሰክራል።

በንጹሕ የተራራ ጅረት ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጠን ብናይ በመጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ጅራታቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር በሆነ፣ ኤፌመሮፕቴራ በሚባሉት እጮች ላይ ነው። ከመካከላቸው ሰውነታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ስለሚኖሩ ኃይለኛ ወራጅ እንኳ አይነቅላቸውም። የሚተነፍሱት በሆዳቸው ግራና ቀኝ በተደረደሩ ስስ መተንፈሻዎች ነው። ትሪኮፕቴራ ከሚባሉት ደግሞ ከፊሎቹ አሸዋና የቅጠል ስባሪ በሐራቸው አጣብቀው ቤት ይሠራሉ። ሌሎቹ በድንጋዮች መካከል መረብ ዘርግተው ወራጁ የሚያመጣላቸውን ምግብ ያጠምዳሉ።

ምግባቸው በአብዛኛው ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌና ከዳር የሚረግፍ ቅጠል ነው። ስለዚህ በጅረቱ ዳር የሚተከለው ዛፍ የውኃውን ኑሮ ይወስናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን የሸፈነው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠንካራና ዘይታም በመሆኑ ለብዙዎቹ ነፍሳት የሚመች ምግብ አይደለም። በአገር በቀል ዛፎች መተካቱ ለጅረቱም ይጠቅማል።

የከፍታ ቦታ ጅረት አንድ ልዩ ችግር አለበት። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከፍታ ሲጨምር ግን የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ወደ ውኃው የሚገባው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ2600 ሜትር ከፍታ ግን ከ7 ሚሊግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። የጉለሌ ጅረት ገና ከመነሻው ኦክስጅኑ የተመጠነ በመሆኑ ብክለት ሲመጣበት ቶሎ ይጎዳል።

የመጸዳጃ ፍሳሽ ሲገባ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እያብላሉ ያንን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ቀድመው የሚጠፉት ከላይ ያየናቸው ስስ ነፍሳት ናቸው። ቦታቸውን የሚይዙት የማይናከሱ ትንኝ መሰል ዝንቦች ቀያይ እጮች ናቸው፤ ቅላታቸው እንደ ሰው ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን በተመናመነበት ጭቃ እንዲኖሩ ያስችላቸዋል። ብክለቱ ሲብስ እነሱም ይጠፋሉ። ተመራማሪው አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቀበናና የአቃቂ ወንዞች ጥናት፣ ክፉኛ የተበከሉትን ቦታዎች እርስ በርስ ለመለየት ከውኃ ነፍሳቱ ይልቅ ዲያቶም የተባሉት ደቂቅ አልጌዎች የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህ ሁሉ ግን የማይመለስ ጉዳት አይደለም። የላይኛው ጅረት እጮች፣ በተለይ በሌሊት፣ በወራጁ እየተወሰዱ ወደ ታች ይሰራጫሉ፤ ክንፍ ያወጡትም እየበረሩ አዲስ ቦታ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። የታችኛው ወንዝ ሲጸዳ ሕይወት የሚመለስለት ከላይ በተረፈው ዘር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ሙሉ ውጤት የሚያመጣው ምንጮቹ ከተጠበቁ ነው። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ እጽዋት ማዕከልም ለዚህ ትልቅ አለኝታ ነው።

የጉለሌ መምህራን ተማሪዎቻችሁን በበጋ፣ ውኃው ሲጠራ፣ ወደ ላይኛው ጅረት ውሰዷቸው። ድንጋዩን ገልብጠው ይዩ፣ ያዩትን ይመዝግቡ፣ ድንጋዩን እንደነበረ ይመልሱ፣ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ። በየዓመቱ የሚያዝ እንዲህ ያለ መዝገብ ጅረቱ ሲታመም ቀድሞ ይነግረናል። ነዋሪዎችም ፍሳሽና ቆሻሻ ወደ ጅረቱ አንልቀቅ፤ አቃቂን ማዳን የሚጀመረው ከጉለሌ ነው።